ፀሐይ የጠጣ ድንጋይ

ከማሉዲን ውሃ ያውቃል። ቆቦ ውስጥ ይህን የሚክድ ካለ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ተራው ሳይደርስ ጎርፍ ያለፈው ገበሬ ነው። ደጋው ላይ ደመና ሲቋጠር አይቶ ጎርፉ በጎሊና ወንዝ መቼ እንደሚደርስ ይናገራል፤ ሲደርስም የማን ማሳ ቀድሞ፣ የማን ተከትሎ እንደሚጠጣ የሚዳኘው እሱ ነው። ለዚህ ነው የውሃ አባት የሚሉት። የውሃ አባትነት ሹመት ነው ቢባልም ደመወዙ ጭቃና እርግማን ነው። ከማሉዲን ግን ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር ሲባልለት ኖሯል፤ የሰው ተራ አልበላም፣ በውሃ አልዋሸም።

ስለዚህ ጓደኛው ሙሀመድሰይድ ዓይኑን ሊታከም ወደ ደሴ ሲሄድ የቤቱን ቁልፍ ለእሱ መስጠቱ ማንንም አላስገረመም። የሚገርመው ቤቱ ውስጥ የተቀመጠው አደራ ነበር።

ሙሀመድሰይድ ወጣትነቱን ጅቡቲ ወደብ ላይ ዕቃ ሲያወርድና ሲጭን የጨረሰ ሰው ነው። ሌላው ከዚያ ሲመለስ ቴሌቪዥንና ምንጣፍ ያመጣል። እሱ ያመጣው አንድ ሻንጣ የሚያህል የመስታወት ሳጥን፣ በመብራት የሚሠራ የውሃ ማጣሪያ፣ ጥቂት የባሕር ድንጋይ፣ አሸዋና አንዲት ዓሣ ነው። ውሃው ጨዋማ ነው፤ ጨውም የገበያው ጨው ሳይሆን ከዚያው በከረጢት የመጣ፣ ከውሃ ሲደባለቅ ባሕሩን የሚተካ ዱቄት ነው። ዓሣዋ ከአውራ ጣት ብዙም አትበልጥም፤ መልኳ ብርቱካን ሆኖ ነጭ ቀለበት አላት። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ሳቀበት። «መቼ ነው የምትጠብሳት?» እያለ አላገጠበት። ቆይቶ ግን ለሰርግ ለመጣ እንግዳ ሳይቀር ወስደው የሚያሳዩት ነገር ሆነ። ሚስቱ ሞታ፣ ልጁ ጀዊሪያ ደሴ አግብታ ስትሄድ፣ እቤቱ ከእሱ ጋር የቀረችው ነፍስ እሷው ነበረች።

ከዚያ የዓይን ሞራ መጣበት። ስኳርም ስላለበት ሐኪሞቹ ዛሬ ነገ ሲሉ ዓለም አመድ ሆነበት። የሰው ፊት ጠፋው፣ የገዛ ደጁ ጠፋው። ጠዋት ጠዋት አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ያቺን ብርቱካን ይፈልጋታል። ካገኛት «ዛሬም ዓይን አለኝ» ይላል።

ሰኔ ላይ ቁልፉን ሲሰጥ የተናገረውም ይህንኑ ነው።

«ከማል፣ ስመለስ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው። ሐኪም የፈለገውን ቢል አላምነውም። እሷን ካየሁ ድኛለሁ፤ ካላየኋት አልዳንኩም። አማና ናት።»

«አማናዋን በአላህ ፊት ተቀብያለሁ» አለ ከማሉዲን።

ሙሀመድሰይድ ጥቂት ነገር አስተማረው። ምግቧ በቁንጥር ነው። ውሃው ሲጎድል ተንኖ የሄደው ውሃው እንጂ ጨው አይደለምና የሚጨመረው ጨው የሌለበት ውሃ ብቻ ነው። መስኮቱ አይከፈትም። ሌላ ሊነግረው ሲል የሚኒባሱ ጥሩንባ ጮኸ። የደሴ መንገድ ያን ሰሞን አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ነበር፤ በተከፈተ ቀን ደግሞ ቆሞ የሚያወራ ሰው አይጠበቅም።

ክረምት ገባ። በክረምት የውሃ አባት ቤት የለውም፤ ጎርፍ ቀጠሮ አይሰጥምና ከማሉዲን ወንዙ ዳር ዳስ ጥሎ ከረመ። የዓሣዋን ነገር ለሚስቱ ለኡሙሃኒ ተወላት። ኡሙሃኒ ደግ ሴት ናት፤ ጥፋቱም የመጣው ከደግነቷ ነው። እንግዳ በቁንጥር ሲመገብ አይታ አታውቅም። «የሰው ቤት የቀረች ምስኪን በጣት ጫፍ ትብላ?» ብላ በእፍኝ በተነችላት። ቤቱ መጨለሙ አንጀቷን ቢበላው መስኮቱንም ወለል አድርጋ ከፈተችው። የተረፈው ምግብ ሥር ሥሩን በሰበሰ፣ የቆቦ ፀሐይ ከላይ አሞቀው፣ የቀረውን አልጌ የሚሉት፣ ውሃ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ራሱ ጨረሰው።

ሙሀመድሰይድ በየሳምንቱ ይደውል ነበር። «ዓሣዋስ?» ይላል። ከማሉዲን ጭቃው ላይ እንደቆመ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት» ይላል። አላያትም። ሚስቱ ታበላታለች፣ ከበላች ደህና ናት ብሎ ነው። ውሸት ነው ለማለት እንኳ የሚያሳፍር ትንሽ ነገር ነበር።

መስከረም ላይ ጎርፉ ሲቀል ሄዶ በሩን ከፈተ። ከመስታወቱ ጀርባ ምን እንዳለ አይታይም፤ ድፍን አረንጓዴ ነው። በጣቱ ጠርጎ አጮለቀ። ድንጋዮቹ እንደ ፍየል ጠጉር የተንዘረፈፈ አልጌ አብቅለዋል። በየስንጥቁ ደግሞ ሲከፈቱ አበባ የሚመስሉ፣ ሲነኳቸው ሽምቅቅ የሚሉ ትንንሽ ነገሮች ወጥተዋል፤ የነካቸውን ይለበልባሉ። ከአሸዋው ሥር እሾሃም ትል ብቅ ይላል። ዓሣዋ አንድ ጥግ ላይ ተወሽቃ ቆማለች። በሕይወት አለች፤ ብርቱካንነቷ ግን በዚያ አረንጓዴ መሐል ለጤነኛ ዓይን እንኳ በጭንቅ ነው የሚታየው።

«ያ ረቢ» አለ ከማሉዲን።

ዕለቱን ደውሎ ቢናገር ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ። ግን ክረምቱን ሙሉ ደህና ናት ሲል ከርሞ አሁን ምን ይበል? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእሱ እያደር ከበደው። በዚያ ላይ ጀዊሪያ ደውላ ቀዶ ሕክምናው እንዳለቀ፣ አንዱ ዓይን እንደተከፈተ ነገረችው። ድምጿ ግን ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም።

«አባባ ከማል፣ አባቴ ሁሉ ነገር አመድ ነው ይላል። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይጠራል ብሎታል፣ እሱ ግን አላመነም። እኔንም በድምፄ ነው የሚያውቀኝ። ቆቦ ሄጄ ዓሣዋን ሳላይ አታጽናኑኝ ነው የሚለው። መንገዱ ሲከፈት እንመጣለን።»

ከማሉዲን ሥራውን በዚያው ቀን ጀመረ። መስታወቱን ፋቀ፣ ጠጉሩን ነጨ። እነዚያን ለብላቢ አበቦች ግን አልቻላቸውም። ማሽላ ውስጥ እንደሚገባ አቀንጭራ ቆጥሯቸው ከነሥራቸው ሊነቅል ታገለ። አቀንጭራ እንኳ ሳያፈራ ከነቀሉት ይሞታል፤ እነዚህ ሲበጠሱ ከየብጣሹ ሌላ ያበቅላሉ። አንዱን ነቅሎ ሲመለስ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። እጁ ተለብልቦ አበጠ። ሰው በገዛ እጁ አረም እየዘራ መሆኑን ሲያውቅ የሚሰማው ነገር ክፉ ነው፤ ከማሉዲን ያን ሰሞን እህል አልዋጥልህ አለው።

በመጨረሻ የሚያውቀውን አደረገ። የራያ ገበሬ አረም ሲያሸንፈው ማሳውን ገልብጦ አርሶ ለበጋ ፀሐይ ይሰጠዋል። ፀሐይ የጠጣ መሬት ይጸዳል፤ አባቱም እንዲህ ነው ያደረገው፣ አያቱም። ዓሣዋን በባልዲ አድርጎ ጥላ ሥር አስቀመጣት። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አውጥቶ የፈላ ውሃ አፈሰሰባቸው፣ በብሩሽ ፈተጋቸው፣ ከዚያ ግቢው ውስጥ ቆርቆሮ ላይ አስጥቶ ለፀሐይ ሰጣቸው። አሸዋውን ውሃው ኩልል እስኪል አጠበው። አሮጌውን ውሃ ከነጉዱ ቦይ ውስጥ ደፋው። ለብላቢዎቹ ቆርቆሮው ላይ ተጨማደው ቀሩ፤ ትሎቹም ደረቁ። ከማሉዲን ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ድንጋዮቹ ሐምራዊ የነበረው ልባሳቸው ጠፍቶ አጥንት መሰሉ። ያም ንጽሕና መሰለው። የቀረውን የባሕር ጨው ሁሉ በጥብጦ ሳጥኑን ሞላና ዓሣዋን መለሳት። ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ ዓሣዋ አየር ላይ የተንጠለጠለች መሰለች፤ ብርቱካንነቷ ከበሩ ይታያል። ጎረቤት እየመጣ አደነቀ። ኡሙሃኒ እንኳ «እሷም እኮ እንደ ሰው ገላዋን ስትታጠብ አማረባት» አለች። ከማሉዲን ደረቱን ነፍቶ ወደ መስጊድ ሄደ።

ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ግን ለእንዲህ ያለው ነው። አንድ ሁለት ቀን ሳይቆይ ዓሣዋ ውሃው አናት ላይ ወጥታ ታለከልክ ጀመር። ክንፎቿን ሰብስባ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። የሰጧትን አትበላም። ከማሉዲን ውሃውን በብርጭቆ ቀድቶ በፀሐይ አየው፤ አንዲት ጉድፍ የለችበትም። አሸተተው፤ ምንም አይልም። ጎርፍ ሲቆጣ ያውቃል፣ ሲደፈርስም ያውቃል፣ እንዲህ ጠርቶ የሚገድል ውሃ ግን ዕድሜውን ሙሉ አላየም።

ስልኩን አንስቶ ደወለ። እውነቱን ሊናገር ነበር፤ ቢያንስ ሲደውል ሐሳቡ እንዲያ ነበር።

«ሰይዶ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ ሰላምታው ሲያልቅ። «እንዲያው ለማወቅ ነው። ድንጋዮቹ ቢቆሽሹ ይታጠባሉ?»

«ድንጋዩን እንዳትነካ» አለ ሙሀመድሰይድ ቶሎ ብሎ። «ድንጋይ ሲሉት ሰምተህ ድንጋይ እንዳይመስልህ። ሕያው ነው። በዓይን የማይታይ ነፍስ ሞልቶበታል፤ የእሷን ቆሻሻ የሚበላላት እሱ ነው። እሱ ከሞተ ውሃው ጠርቶ እያየኸው የገዛ ሽንቷ ይመርዛታል። ልነግርህ ስል እኮ ነው ያ ሚኒባስ የጮኸው። ምነው፣ ነካኸው እንዴ?»

ከማሉዲን ወደ ነጮቹ ድንጋዮች አየ።

«ኧረ የለም» አለ። «ለማወቅ ነው።»

«አብሽር። ትንሽ አረንጓዴ ቢሆን ግድ የለም። እሷ በአረንጓዴ አትሞትም።»

እዚህ ላይ ነክቻለሁ ቢል ሙሀመድሰይድ አንድ መላ አያጣም ነበር፤ ወደብ ላይ የኖረ ሰው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እዚህ ግን የታመመችው ሌላ፣ የደበቀው ሌላ ነው። የሰው ተራ በልተሃል ሲሉት ሽማግሌ ፊት ቆሞ የሚምል ሰው፣ ለአንዲት የጣት ዓሣ ምላሱ ተሳሰረ። ለምን እንደሆነ ራሱም አያውቀውም። ምናልባት ሰው የሚያፍረው በትልቁ ጥፋት ሳይሆን በደንብ አውቃለሁ ባለበት ነገር ሲያጠፋ ነው።

ስልኩን ዘግቶ ወደ ቦዩ ሮጠ። ያን የደፋውን ውሃ ፍለጋ ነው። ውሃው የለም፤ ጨውና አረንጓዴ ቅርፊት ብቻ መሬቱ ላይ ተጋግሯል። ጎንበስ ብሎ ቅርፊቱን በጥፍሩ ይጭር ጀመር። ስንት ቀን ሲፍቀው የሰነበተውን አልጌ እየለቀመ መለሰና ሳጥኑ ውስጥ ጨመረው። ውሃው ደፈረሰ እንጂ ምንም አልሆነ። መልሶ በወንፊት አወጣው። ውሃውን እቀይራለሁ ቢል የባሕሩ ጨው አልቋል። የገበያ ጨው አነሳና አስቀመጠ፤ ደግሞ አነሳና አስቀመጠ። ከዚህ በላይ ለማጥፋት እጁ ፈራ። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ሰው ሆና ብትሰድበው በተሻለው።

«ተነስ እህል ቅመስ» አለችው ኡሙሃኒ ወደ እኩለ ቀን መጥታ።

«አንቺ እኮ በእፍኝ አበላሻት» አላት።

«አበላሁ። አንተስ?»

አጠገቡ ቁጭ አለችና ሁለቱም ዓሣዋን አዩ።

ከዙህር ሶላት ሲመለስ ዓሣዋን በጎኗ ተንሳፋ አገኛት። በእጁ መዳፍ ላይ ስትቀመጥ ብርቱካንነቷ እንዳለ ነበር። በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለላትና ግቢው ውስጥ ካለችው ፓፓያ ሥር ቀበራት። ኡሙሃኒ «ዓሣ አይከፈንም» ልትል አፏን ከፍታ ፊቱን ስታይ ተወችው። ጎረቤቱ ሙንተሲር ባጃጁን አቁሞ ገብቶ መላ አመጣለት፤ «ከሐሸንጌ ሐይቅ ዓሣ አምጥተን እንጨምርበት፣ ሽማግሌው በምን ያውቃል?» የሐሸንጌ ዓሣ የክንድ ያህል እንደሆነ፣ መልኩም አመድ እንደሆነ፣ ጨው ውስጥ ገብቶም እንደማይውል ከማሉዲን ሊያስረዳው ጉልበት አልነበረውም። ሳጥኑን አልደፋውም። ማጣሪያውንም አላጠፋውም። ባዶውን ውሃ ማጣራቱን ቀጠለ።

መንገዱ ተከፈተ። ሙሀመድሰይድና ጀዊሪያ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከሚኒባስ ወረዱ። ሰውየው ጥቁር መነጽር አድርጓል፣ ልጁ ክንዱን ይዛዋለች። ከማሉዲን በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ተቃቀፉ። ሙሀመድሰይድ ፊቱን በእጁ ዳሰሰው።

«ከማል፣ ከስተሃል።»

«ክረምቱ ነው» አለ ከማሉዲን። «ሰይዶ፣ መጀመሪያ ቁጭ በል። የምነግርህ ነገር አለ።»

«በኋላ ትነግረኛለህ። አሁን ተወኝ።»

ቤቱን ያውቀዋልና ማንም ሳይመራው ገባ። መነጽሩን አወለቀ። ጎንበስ ብሎ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጠፈ። ቤቱ ውስጥ የማጣሪያው ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«ውሃው ጠርቷል» አለ። «ነጭ ነገር አያለሁ። ድንጋዩ ነው?»

ጀዊሪያ ሳጥኑን አየች፣ ቀጥላ ከማሉዲንን አየች። ገባት። ሙሀመድሰይድ ከጥግ ወደ ጥግ ቀስ እያለ ሄደ፣ ተመለሰ። ዓይኑን ጨፈነና ገለጠ። ደግሞ ከላይ ወደ ታች ፈለገ።

«ጀዊሪያ፣ የት ጋ ናት?»

«አባቴ...»

«የት ጋ እንዳለች ንገሪኝና ልያት።» ቀና አለ። ፊቱ ባንድ ጊዜ አረጀ። «ተይው፣ አትንገሪኝ። ነጩን አያለሁ፣ እሷን አላይም። እንግዲህ ዓይኔ አልዳነም። አላህ ያለው ነው።» መነጽሩን በእጁ እንደያዘ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

ከማሉዲን ይህን ጊዜ ዝም ቢል ሙሀመድሰይድ ዕድሜውን ሙሉ ዕውር ነኝ ብሎ በኖረ፤ እሱም ዕድሜውን ሙሉ የታመነ የውሃ አባት እንደተባለ በኖረ። ያሰበው ይህን ነው። ማሰቡ ራሱ አሳፈረው። ወለሉ ላይ ጓደኛው እግር ሥር ተንበረከከ።

«ሰይዶ፣ ዓይንህ ደህና ነው» አለ። «እሷ ናት የሌለችው። ሞታለች። እኔ ነኝ።»

ሙሀመድሰይድ ጆሮውን ወደ እሱ አዘነበለ።

«ድንጋዩን አጠብከው?»

«አጠብኩት።»

«ፀሐይ ላይ አዋልከው?»

«አዋልኩት። ስደውልልህም ዋሽቼሃለሁ። ክረምቱን ሙሉ ዋሽቼሃለሁ።»

ሙሀመድሰይድ ወደ ሳጥኑ ዞሮ ረጅም ጊዜ አየ። ነጭ ድንጋይ፣ ንጹሕ ውሃ። «አያለሁ ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የለችም፣ እኔም አያለሁ።» ሁለት እጆቹን ወደ ዓይኑ አነሳ።

«አባቴ፣ እንዳትነካው» አለች ጀዊሪያ ደንግጣ። «ሐኪሙ ምን አለህ? አታልቅስ፣ አትሸው አላለህም? ስፌቱ ይፈታል።»

ከማሉዲን ብድግ ብሎ እጆቹን ያዘው።

«ልቀቀኝ።»

«አልለቅህም።»

«ልቀቀኝ አንተ ሰው፣ ልጥረገው።»

«አልለቅህም፣ ሰይዶ። እሷን ገደልኩ፣ ዓይንህን ግን አትንካው።»

ታገሉ። ሁለቱም ሽማግሌ ናቸውና ትግሉ ብዙ አልቆየም። ሙሀመድሰይድ እጁን ተወለት። እንባው ግን ይወርዳል። ከማሉዲን ሊጠርግለት ቢፈልግ የጓደኛውን እጅ መልቀቅ ሊሆንበት ነው፤ ስለዚህ ጓደኛው ሲያለቅስ እጁን ይዞ ያየው ነበር።